የስትሮክ ማእከል የሕክምና ቡድንና የሽንፋ በሽተኛ፤ ሂሳዊ ምርመራ

፩. የምርመራው ዓላማ

ስትሮክ የመታውን ሰው አንድ ሐኪም ብቻውን ሊረዳው አይችልም፤ የነርቭ ሐኪም፥ ነርስ፥ የራጅ ባለሙያ፥ ፊዚዮቴራፒስት፥ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ፥ የሥነ ምግብ ዐዋቂና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በአንድነት ሊቆሙለት ይገባል የሚለው ሐሳብ በዛሬው የሕክምና ትምህርት እንደማይናወጥ እውነት ሆኖ ይነገራል። ሐሳቡ ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ላደገ ሕዝብ የባለሙያዎችን ኅብረት ማመስገን ቀላል ነው። ነገር ግን በቀላሉ የሚመሰገን ሐሳብ በቀላሉ ሳይመረመር ይቀራል፤ ድሩ ካልተፈተለና ካልተገመደ አንበሳ ቀርቶ ጥጃም አያስርምና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕክምና ቡድንን ሐሳብ ለማፍረስ አይደለም። ዓላማው ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ነው። አንደኛ፥ ከዚህ ቡድን ውስጥ በሽተኛውን በእርግጥ የሚጠቅመው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፥ አገራችን ራሷ በጐንደር ያቋቋመችው የጤና ቡድን ምን ያስተምረናል? ሦስተኛ፥ በመተማ በረሃ በሽንፋ ለወደቀ ሰው ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ይረባዋል? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስ ይለመናል።

፪. ስለ በሽታው ስም

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛችን ለዚህ በሽታ የጸና ስም የለም። አንዳንዱ «ስትሮክ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ጐኑን መታው»፥ ሌላውም «ሽባ ሆነ» ይላል። በጋዜጣና በንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ግን «በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ስትሮክ ሁለት ዐይነት ነውና። በአንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ይደፈንና ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጐል ክፍል ደም ያጣል፤ በሁለተኛው የደም ሥር ይፈነዳና ደሙ በአንጐል ውስጥ ይፈሳል። በዓለም ላይ የመጀመሪያው ይበዛል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የሁለተኛው ድርሻ በአውሮፓ ከሚታየው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለዚህም ሳይታወቅና ሳይታከም የሚኖር የደም ግፊት ዋና ምክንያት ነው።

ሁለቱን በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሁለቱም አፍን ያጣምማሉ፥ ክንድን ያዝላሉ፥ ንግግርን ያሰናክላሉ። የሚለያቸው ሲቲ ስካን የሚባለው የራጅ መሣሪያ ነው። ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት ለሌላው አደጋ ሊሆን ስለሚችል፥ የስም ጉዳይ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በስም የተደባለቀ ነገር በሕክምናም መደባለቁ አይቀርም።

፫. የቡድኑ ጥቅም ከምን ይመጣል?

ብዙ ሰዎች የስትሮክ ማእከል ሲባል ወዲያው የሚታያቸው የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፥ በ2008 በአውሮፓ በተደረገ ጥናት ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሲሰጥ እንደሚጠቅም ታወቀ። በ2015 የወጡ አምስት ጥናቶችም ትልቅ የደም ሥር በተደፈነ ጊዜ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ብዙዎችን ከአካል ጉዳት እንደሚያድን አሳዩ። ይህ በእውነት ታላቅ የሕክምና ዕርምጃ ነው፤ ማቃለልም አይገባም።

ሆኖም የስትሮክ ክፍል ጥቅም የተረጋገጠው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በኖርዌይ አገር በትሮንድሃይም ከተማ 220 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ በስትሮክ ክፍል፥ ግማሾቹ በተራው የሕሙማን ክፍል ተኙ። በ1991 በታተመው ውጤት መሠረት ከስድስት ሳምንት በኋላ ከስትሮክ ክፍሉ በሽተኞች 56 ከመቶ የሚሆኑት በቤታቸው ሲገኙ፥ ከሌሎቹ በቤታቸው የተገኙት 33 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሚያሟሟው መድኃኒት ገና በሥራ ላይ አልዋለም። እንግዲያውስ በሽተኞቹን የጠቀመው ምንድን ነው? በሽታውን የሚያውቁ ሠራተኞች በአንድ ስፍራ መገኘታቸው፥ ሥራቸውን በአንድ ደንብ መሥራታቸው፥ በሽተኛውን በጊዜ ማንቀሳቀሳቸው፥ ውሃውንና ትኩሳቱን መከታተላቸው ነው።

ይህን ነገር ይበልጥ ግልጥ ያደረገው በአውስትራሊያ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተደርጎ በ2011 የታተመው ጥናት ነው። በዚያ ነርሶች ሦስት ነገር ብቻ በጥብቅ እንዲያደርጉ ተወሰነ፤ ትኩሳትን መለካትና ማብረድ፥ የደም ስኳርን መለካትና ማስተካከል፥ በሽተኛው ምግብና ውሃ ከመቅመሱ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተን። ይህ ደንብ ባልተሰጣቸው ክፍሎች ከሦስት ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት 58 ከመቶ ሲሆኑ፥ ደንቡ በተሰጣቸው ክፍሎች 42 ከመቶ ሆኑ። ቴርሞሜትር፥ የስኳር መለኪያና አንድ ማንኪያ ውሃ ይህን ያህል ልዩነት ካመጡ፥ ስለ ቡድን ያለን አሳብ መታረም አለበት።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ሂስ ይህ ነው። የስትሮክ ቡድን ሲገለጽ ዘወትር የሚቀርበው የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ነው፤ እነማን እንደሚገኙበት እንጂ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ አይነገርም። ጥናቱ የሚመሰክረው ግን ለሥራው ነው። ሰባት ባለሙያ ተሰብስቦ የመዋጥ ፈተናውን ማን እንደሚያደርግ ያልተወሰነ እንደ ሆነ፥ በሽተኛው በሰባቱ መካከል ትን ብሎት ምግቡ ወደ ሳንባው ይወርዳል። አንዲት ነርስ ብቻዋን ሆና ይህን በጊዜው ብታደርግ ግን የቡድኑን ግማሽ ሥራ ሠራች ማለት ነው።

ሁለተኛው ሂስ፥ የቡድን ትጋት ሁሉ መልካም ነው የሚለውን ግምት ይመለከታል። በ2015 የታተመውና 2,104 በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት እንዳሳየው፥ በመጀመሪያው ቀን በሽተኛውን አብዝቶ ማስነሣትና ማመላለስ ከተለመደው አያያዝ የከፋ ውጤት አመጣ። ፊዚዮቴራፒስቱ ትጉ ነው፤ ነገር ግን ትጋት በልክና በጊዜ ካልሆነ ይጎዳል። ስለዚህ የቡድን ጥበብ የሥራ ብዛት ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

፬. የጐንደር ቡድን

የልዩ ልዩ ባለሙያዎች ቡድን ለአገራችን ከውጭ በቅርቡ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በ1953 በደምብያ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በ1954 በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የኢትዮጵያ መንግሥት፥ የዓለም የጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ በሥራው ተባበሩ። ኮሌጁ በዋናነት ሦስት ዐይነት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ እነዚህም የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው። ሦስቱም እንደ አንድ ቡድን በየአውራጃው ወደሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር።

ይህን ቡድን ስንመረምር ሦስት በጎ ጠባዮች እናገኝበታለን። አንደኛ፥ አባሎቹ አብረው ከመሥራታቸው በፊት አብረው ሠለጠኑ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሙያ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፥ ቡድኑ በሽተኛውን በከተማ ተቀምጦ አልጠበቀም፤ በሽተኛው ወደሚኖርበት ሄደ። ሦስተኛ፥ ከሦስቱ አንዱ በሽተኛን ፈጽሞ የማይነካ ነበር፤ ሥራው ምንጩን፥ ጕድጓዱንና ቤቱን መመልከት ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር በዛሬው የስትሮክ ቡድን ውስጥ አይታይም። በስትሮክ ማእከል ስም ዝርዝር ውስጥ የበሽታውን ምንጭ፥ ይኸውም በየቤቱ ተደብቆ የሚኖረውን የደም ግፊት፥ የሚፈልግ አባል የለበትም።

ሆኖም የጐንደሩን ቡድን ከነቀፌታ ነጻ ማድረግ አይገባም። ቡድኑ ሦስት እግር ነበረው፤ ግን ሦስቱ እኩል አልነበሩም። የጤና መኮንኑ የቡድኑ አለቃ ነበርና በደጅ የሚሰለፈው በሽተኛ እርሱን ወደ ማከሚያው ክፍል መሳቡ አይቀርም ነበር። ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም መሆን ግድ ሆነበት። መከላከል ሁለተኛ ሥራ ሲሆን፥ የሳኒቴሪያኑ ድምፅም ሁለተኛ ይሆናል። ደግሞም ቡድኑ ወደ ሕዝቡ የሚወርድ ድልድይ ነበረው እንጂ ወደ ሆስፒታሉ የሚወጣ ጠንካራ መሰላል አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲሆን፥ የጤና መኮንኖች ትምህርትም ተቋርጦ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሲቆይ፥ የቡድኑ አሳብ አብሮ ተዳከመ።

እንግዲህ ሁለቱን ጐን ለጐን ብናቆማቸው አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይታያል። የጐንደሩ ቡድን ከታች ሰፊ ከላይ ቀጭን ነበር፤ የስትሮክ ማእከሉ ቡድን ከላይ ሰፊ ከታች ባዶ ነው። የሽንፋ በሽተኛ የሚወድቀው በዚህ ባዶ ስፍራ ነው።

፭. የሽንፋ በሽተኛ

ሽንፋ በምዕራብ ጐንደር ቈላ፥ ወደ ሱዳን ሲሻገር ራሃድ በሚባለው በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ፥ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ ሙቀቱም የበረታ ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ሕዝቡን ያበዛዋል። ከሽንፋ በሽተኛ ይዞ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ገንዳ ውኃ፥ ከዚያም በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ወደ ጐንደር መጓዝ አለበት። ከገንዳ ውኃ እስከ ጐንደር ያለው ብቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት ጭቃው፥ በሌላው ጊዜ የመኪና ማጣት፥ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጸጥታው መደፍረስ መንገዱን ያረዝመዋል።

አሁን 4 ሰዓት ተኩል የሚለውን ደንብ ወደዚህ መንገድ እናምጣው። አንድ ሠራተኛ ሌሊት ደኅና ተኝቶ ጧት አንድ ጐኑ ዝሎ፥ አፉ ተጣሞ፥ መናገር አቅቶት ቢገኝ ሰዓቱ የሚቈጠረው ከተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ ከታየበት ነው። ባልንጀሮቹ ወባ ነው፥ ሙቀት ነው፥ መጠጥ ነው፥ ወይም ልክፍት ነው ብለው ሲማከሩ ረፋድ ይሆናል። መኪና ተፈልጎ፥ ገንዘብ ተዋጥቶ፥ ጕዞ ተጀምሮ ጐንደር ሲደረስ የመድኃኒቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። መድኃኒቱም ቢሆን በአብዛኞቹ የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን የዘወትር ሕክምና አይደለም። እንግዲህ በዚህ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ማሟሟት ብቻ መናገር ለተራበ ሰው ስለ ግብር ማውራት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ምንም አይደረግለትም» ማለት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ባልንጀሮቹም ፈጽሞ አልተሳሳቱም። በቈላ አገር ወባ አንጐልን ሊያውክ ይችላል፤ የደም ስኳር መውረድም ስትሮክን መስሎ አንድ ጐንን ሊያዝል ይችላል። ይህ ሁለተኛው በጥቂት ደቂቃ ታውቆ በግሉኮስ የሚድን ነገር ነው። ስለዚህ በሽንፋ የመጀመሪያው ምርመራ የጣት ደም ጠብታ ነው፤ አንዱ ለስኳር፥ አንዱ ለወባ። ይህን ለማድረግ የነርቭ ሐኪም አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የደም ግፊት ነው፤ በዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ወዲያው ለማውረድ እጅ ይቸኩላል። በደም መፍሰስ ጊዜ ማውረዱ ይጠቅማል፤ በደም ሥር መደፈን ጊዜ ግን፥ እጅግ ከፍተኛ ካልሆነ በስተቀር፥ በድንገት ማውረድ ደም ያጣውን አንጐል ይበልጥ ሊያስርበው ይችላል። አስፒሪንም እንደዚሁ ነው። በ1997 የወጡት ሁለት ታላላቅ ጥናቶች አስፒሪን በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ደም ሥሩ ለተደፈነበት ሰው መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አሳይተዋል። 48 ሰዓት ግን ጐንደር ደርሶ በሲቲ ስካን ለመለየት ይበቃል። ስለዚህ የሽንፋው ባለሙያ ሁለቱን ሳይለይ ባይቸኩል በሽተኛውን አልበደለውም፤ ሳይለይ ቢቸኩል ግን ሊበድለው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን በመንገድ ላይ የሚደርሰውን ነገር ማሰብ ያሻል። የሚወዱት ሰዎች በሽተኛውን በመኪና ላይ በጀርባው አስተኝተው፥ በሙቀቱ አዝነውለት፥ ውሃ ወይም ወተት በአፉ ያንቈረቍሩለታል። ጠበልም ይሰጡታል። ይህ ሁሉ ከርኅራኄ የመጣ ነው። መዋጥ ላልቻለ ሰው ግን ያ ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በስትሮኩ ሳይሆን በሳንባ ምች ይሞታል። አንድ ሰው ቀና አድርጎ አስቀምጦት በማንኪያ ጥቂት ውሃ ቢሰጠውና ሳል ወይም የድምፅ መለወጥ ቢያይ፥ «እስከ ጐንደር በአፉ ምንም አይግባ፤ በጐኑ አስተኙት» ብሎ ቢናገር ነፍስ ያድናል። ጠበሉንም ቢሆን መከልከል አያስፈልግም፤ ካህኑ በአፉ ከማጠጣት ይልቅ ግንባሩን ቢረጩት ሃይማኖቱም ሕክምናውም ሳይጣሉ ይኖራሉ። እንዲህ ሲሆን ካህኑ፥ ሾፌሩና ባልንጀራው የቡድኑ አባሎች ሆኑ ማለት ነው።

ከቤቱ ርቆ የሚሠራው ሰው ሌላም ችግር አለበት። በሆስፒታል አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ማን ያገላብጠዋል? ማንስ ስለ እርሱ ይናገራል? በመተማ ቈላ አማርኛ ብቻ አይነገርም፤ ጉሙዝኛና ዐረብኛም ይነገራል። ንግግሩ የጠፋበትን ሰው በማያውቀው ቋንቋ ጠይቆ «አይናገርም፥ አይሰማም» ብሎ መጻፍ ምርመራ አይባልም። የንግግር ባለሙያ እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር አስተርጓሚው ራሱ የቡድኑ አባል መሆን ይገባዋል።

፮. ስለ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «መሣሪያው ይገዛ፥ ማእከሉ ይሠራ፤ የቀረው ይከተላል» ይላል። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የስትሮክ ማእከል ተከፍቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2006 ጀምሮ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሣሪያ የሚጠቅመው ለደረሰበት ሰው ነው፤ የሽንፋው ሰው ደግሞ በሰዓቱ አይደርስበትም።

ሁለተኛው ወገን «ባለሙያ ስለሌለን ቤተ ሰቡን አስተምረን ወደ ቤቱ እንስደደው» ይላል። ይህ ለድኻ አገር የሚስማማ ይመስላል። ሆኖም በሕንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች 1,250 በሽተኞች የተካፈሉበትና በ2017 የታተመው ጥናት ይህንኑ አሳብ ፈትኖ፥ ቤተ ሰብን አሠልጥኖ ማገገሚያውን ለእርሱ መተው ከተለመደው አያያዝ የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ አገኘ፤ በሁለቱም ወገን 47 ከመቶ ያህል ሞቱ ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆኑ። ቤተ ሰብ የቡድኑ አባል ይሁን፤ የቡድኑ ምትክ ግን ሊሆን አይችልም።

በሁለቱ መካከል መንገድ እንዳለ በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ያመለክታል። 7,036 የአንጐል ደም መፍሰስ ሕሙማን በ10 አገሮች፥ አብዛኞቹም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች፥ ተካፈሉበት። የደም ግፊትን፥ ስኳርንና ትኩሳትን በጊዜ ማስተካከልና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የወሰደ ቢኖር ማርከሻ መስጠት፥ እነዚህ በአንድነት ሲደረጉ የሕሙማኑ ውጤት ተሻሻለ። በተናጠል ሲታዩ ጥቃቅን የሆኑ ነገሮች በአንድ ደንብ ሲታሰሩ ኀይል አገኙ። የድሩ ምሳሌ በእውነት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህም ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ይኸው የመተማና የሑመራ ቈላ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ለረጅም ዘመን አስተናግዷል። ጐንደር በሽታውን የሚያጠናና የሚያክም ማእከል አላት። በዚያ የላቦራቶሪው ሰው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይመረምራል፥ ሐኪሙ ያዝዛል፥ ነርሷ ለ17 ቀን በየቀኑ መርፌ ትሰጣለች፥ የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ይደረጋል፥ የተጎሳቈለው ሰውነት በምግብ ይጠገናል። ይህ ቡድን የተቋቋመው የቀን ሠራተኛውን ሕይወት ተመልክቶ ነው። ለካላዛር የተቻለው ለስትሮክ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

፯. መደምደሚያ

በኔ አስተያየት የስትሮክ ቡድን አባሎች መቈጠር ያለባቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከሽንፋ ጐጆ ጀምሮ እስከ ጐንደር አልጋ፥ ከአልጋውም ተመልሶ እስከ በሽተኛው ቤት ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ የቡድኑ ክፍል ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች በቶሎ ሊደረጉ ይችላሉ።

አንደኛ፥ ከሽንፋና ከገንዳ ውኃ የሚጻፈው የመላኪያ ወረቀት አንድ ዐይነት ይሁን። በእርሱም ላይ በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የታየበት ሰዓት፥ የደም ግፊቱ፥ ስኳሩ፥ ትኩሳቱ፥ የወባ ምርመራው ውጤት፥ መዋጥ መቻሉ፥ የተሰጠው መድኃኒትና የሚናገርበት ቋንቋ ይጻፍ። ወረቀቱ ከመድረሱም በፊት በስልክ ይነገር።

ሁለተኛ፥ የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ አካለ ስንኩላንን በየሰፈራቸው የሚረዳ ሥራም አለው። ተማሪዎቹ ከነርሶችና ከጤና መኮንኖች ጋር በአንድነት ወደ ቈላው ወርደው ይሥሩ። በ1954 የተጀመረው አብሮ የመሠልጠን ልማድ ሊታደስ የሚገባው ነው።

ሦስተኛ፥ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሠራተኞች አሉት። የደም ግፊት መለኪያና የማያቋርጥ መድኃኒት ከኋላቸው ቢቆም፥ የጐደለውን የሳኒቴሪያኑን ቦታ ሊይዙ ይችላሉ፤ ይኸውም በሽታው ሰውን ከመጣሉ በፊት ምንጩን የሚፈልግ አባል ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ማእከል መሥራትን አይተካም። ነገር ግን ማእከሉ እስኪሠራ ድረስ፥ ከተሠራም በኋላ፥ የሽንፋው ሰው በሕይወት ወደ ደጁ እንዲደርስ የሚያደርገው ይህ ነው። ቡድን የሚመዘነው ስንት ሊቅ በአልጋው ዙሪያ ቆመ በሚለው አይደለም፤ በሽተኛው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ስንት ጊዜ ሳይወድቅ ቀረ በሚለው ነው።